የሙስካው ርስትና የተፈራረቁበት ጌቶች

ጀርመን አገርን የጐበኘ ሰው ሲመለስ ስለ በርሊን ሰፋፊ ጐዳናዎች፥ ስለ ኮሎኝ ካቴድራል ወይም ስለ ራይን ወንዝ ቢያጫውታችሁ የተለመደ ነገር ነው። እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ሩቅ የገጠር ርስት ነው። ስፍራው ባድ ሙስካው ይባላል፤ ናይሰ የተባለው ወንዝ ጀርመንንና ፖላንድን በሚለይበት ጠረፍ ላይ ይገኛል። ወደዚያ የሚሄደው ሰው ሁሉ የሚሄደው በዓለም የታወቀውን መናፈሻ ለማየት ነው። እኔ የሄድሁት መቃብር ፍለጋ ነበር። የመቃብሩን ነገር በቦታው እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሞ የርስቱን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋልና ጥቂት ታገሡኝ። ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

የማስተምረው ጅማ አካባቢ ነው። ለመምህራን የተዘጋጀ አጭር ትምህርት ለመከታተል ወደ ጀርመን እንደምሄድ በክፍል ውስጥ በተናገርሁ ጊዜ፥ ከኋላ ወንበር ከሚቀመጡት ተማሪዎቼ አንዱ እጁን አነሣ። «መምህር፥ እዚያ አገር የተቀበረች የጉማ ልጅ አለች ይባላል። መቃብሯን ካገኙት ስሟ እንዴት እንደ ተጻፈ ቀድተው ያምጡልን» አለኝ። ጉማ በጊቤ አካባቢ ከነበሩት የኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ነው፤ አገሩም ከትምህርት ቤታችን ሩቅ አይደለም። ስለ ልጅቱ አንድ ጊዜ አንብቤ ነበር፤ ነገር ግን መምህር ሆኜ ሳለሁ ተማሪዬ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ መስሎ ስለ ታየኝ ጥቂት አፈርሁ። «እሞክራለሁ» ብዬ መለስሁለት።

ከሳምንቱ ቀናት ነጻ የምሆነው በእሑድ ብቻ ስለ ነበረ፥ አንድ እሑድ ጧት ከኮትቡስ ጣቢያ ወደ ደቡብ በሚሄደው ባቡር ተሳፈርሁ። ቫይስቫሰር ከምትባለው ከተማ ወርጄ አውቶቡስ ያዝሁ። አገሩ ሜዳ ነው፤ መሬቱ አሸዋማ፥ ደኑም ጥድ በጥድ ነው። የእኛ አገር ገበሬ እዚህ ቢመጣ አንድ ጭብጥ አፈር አንሥቶ በጣቶቹ መካከል ካፈሰሰ በኋላ ራሱን እየነቀነቀ የሚመለስ ይመስለኛል። በጣቢያውና በየመንገዱ ያለው የቦታ ስም በሁለት ቋንቋ ተጽፏል፤ አንዱ ጀርመንኛ፥ ሁለተኛው ሶርብኛ ነው። ሶርቦች ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ በዚህ ምድር የኖሩ፥ ቋንቋቸውም ከፖላንድኛና ከቼክኛ ጋር የሚዛመድ ጥቂት ሕዝብ ናቸው። «ባድ» ማለት በጀርመንኛ መታጠቢያ ማለት ነው፤ በ1823 በዚህ ስፍራ የማዕድን ውሃ መታጠቢያ ተቋቁሞ ነበር። ቃሉ በከተማይቱ ስም ላይ የተጨመረው ግን በ1961 ነው።

ከአውቶቡሱ ወርጄ ጥቂት እንደ ተራመድሁ፥ ከተማው ገና ሳያልቅ መናፈሻው ጀመረ። የመግቢያ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የለም። መንገዱ በሣሩ መካከል ጠምዘዝ ይልና፥ ቀይ ቀለም የተቀባው ትልቁ ግንብ ማማዎቹን ይዞ ድንገት ብቅ ይላል፤ በአጠገቡ ያለው ውሃም ግንቡን ገልብጦ ያሳየዋል። ጥቂት እልፍ ሲሉ ግንቡ ከዛፎች በስተኋላ ይሰወርና በእርሱ ፈንታ ድልድይ ይታያል፤ ድልድዩን ሲያልፉ ደግሞ ሜዳ፥ ከሜዳውም ማዶ አንድ ብቸኛ የባሉጥ ዛፍ። ሁሉም ነገር እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው የተቀመጠ ይመስላል። እኔ ለአድናቆት የምቸኩል ሰው አይደለሁም፤ እዚያ ግን ብዙ ጊዜ ቆምሁ። በኋላ እንደ ተረዳሁት፥ ከዚያ ሁሉ ውስጥ በራሱ የሆነ ነገር ከቶ የለም። ኩሬው የተቈፈረ ነው። ከወንዙ ተከፍሎ በግንቡ አጠገብ የሚያልፈው ውሃ በሰው እጅ የተመራ ነው። ዛፎቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ ተነቅለው መጥተው የተተከሉ ናቸው።

ሙስካው ተራ እርሻ አልነበረም። የዚህ ርስት ጌታ መሬቱን ብቻ ሳይሆን ከተማይቱንና ብዙ መንደሮችን ያስተዳድር፥ ዳኝነትም ይሰጥ ነበር። በእኛ አገር በቀድሞው አነጋገር ርስት ከማለት ይልቅ ጉልት ማለት ይቀርበዋል። በጀርመን አገር ከነበሩት የዚህ ዓይነት ግዛቶችም በስፋቱ የሚወዳደረው አልነበረም ይባላል። በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ የቢበርሽታይን ጌቶች ያዙት፤ ከእነርሱ በኋላ የዶና መኳንንት መጡ። በ1644 ጀርመን በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት እየተቃጠለች ሳለ ከዶና ወገን የሆነች ወራሽ ካለንበርግ የተባለ መኰንን አገባችና ርስቱ ወደ ካለንበርጎች ተላለፈ። ከመቶ አርባ ዓመት በኋላ ደግሞ የካለንበርጎች ወራሽ አንዲት ልጅ ሆነች። ክሌመንቲን ትባላለች፤ በ1784 ለፑክለር ቤተ ሰብ ስትዳር ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። በዓመቱ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙም ሄርማን ተባለ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እስከዚህ ድረስ ርስቱን ሁለት ጊዜ ከቤት ወደ ቤት ያሻገረው ሰይፍ ሳይሆን ጋብቻ ነው።

ሄርማን ፑክለር አባቱ በ1811 ሲሞት ሙስካውን ወረሰ፤ ከመሬቱ ጋርም ብዙ ዕዳ ወረሰ። በ1815 በቪየና የተሰበሰቡት ነገሥታት ከናፖሊዮን ጦርነት በኋላ የአውሮፓን ካርታ ሲያስተካክሉ፥ ይህ የሳክሶኒያ አገር ተቈርጦ ለፕሩሲያ ተሰጠ። ባለ ርስቱ ከአልጋው ሳይነሣ ንጉሡ ተለወጠ ማለት ነው። ፑክለር በዚሁ ዓመት በሜይ 1 ቀን ለሙስካው ሕዝብ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። በዚህ ስፍራ ታላቅ መናፈሻ ለመሥራት ቈርጫለሁና በወንዙ ዳርና በከተማው አጠገብ ያለውን መሬታችሁን ልቀቁልኝ፤ ዋጋውን እከፍላለሁ የሚል ነበር። በግንቡ አጠገብ የነበሩትንም ቤቶች እየገዛ አፈረሳቸው። እንግሊዝ አገር ሄዶ ያያቸው መናፈሻዎች ልቡን ማርከውት ነበርና፥ እንደ ፈረንሳዮች በገመድ የተለካና በመቀስ የተከረከመ አትክልት አልፈለገም። እርሱ የፈለገው ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ ግን በሸራ ላይ ሳይሆን በመሬት፥ በውሃና በዛፍ የሚሣል። ሬደር የሚባል ብርቱ አትክልተኛ ነበረው፤ የሕንፃውንም ንድፍ እንዲያወጣለት በዘመኑ ስመ ጥር የነበረውን አርክቴክት ሽንክልን ጠየቀ። ዛፉ እስኪያድግ መጠበቅ ስላልወደደ፥ ያደጉትን ዛፎች ከነሥራቸው እያስነቀለ በጋሪ አስመጣ።

ገንዘቡስ ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። ከዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ ተረት የሚጠጋው። በ1817 የፕሩሲያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረውን የሀርደንበርግን ልጅ ሉሲን አገባ። ሉሲ በዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ትበልጠዋለች፤ ከዚያ በፊትም አግብታ የፈታች ናት። በ1822 የመስፍንነት ማዕርግ ተሰጠው። ነገር ግን የእርሱም ገንዘብ፥ የሚስቱም ገንዘብ በአፈርና በዛፍ አለቀ። በ1826 ባልና ሚስት ተመካክረው በሕግ ተፋቱ። ምክንያቱን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ባልየው እንግሊዝ አገር ሄዶ ሀብታም ልጅ አግብቶ በጥሎሿ መናፈሻውን እንዲጨርስ ነው! ሁለት ዓመት ያህል በለንደን ሳሎኖች ሲዞር ቈየ፤ እንግሊዞች ግን ምን ፈልጎ እንደ መጣ ፈጥነው ስላወቁበት ባዶ እጁን ተመለሰ። ሆኖም ከእንግሊዝ ለሉሲ ሲጽፍላት የነበረው ደብዳቤ በመጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ፥ ሀብታም ሚስት ልታመጣለት ያልቻለችውን ገንዘብ ብዕሩ አመጣለት። በ1834 ደግሞ ስለ መናፈሻ አሠራር የጻፈው መጽሐፍ ወጣ፤ የዚህ ሙያ ሰዎች እስከ ዛሬ ያነቡታል። ጀርመኖች ቡና ቤት ገብታችሁ ባለ ሦስት ቀለም አይስ ክሬም ብታዝዙ በዚሁ መስፍን ስም እንደሚጠራ ትሰማላችሁ። ተራው ሰው የሚያውቀው በአይስ ክሬሙ ነው።

ይህን ሁሉ ሳነብ ሰውዬውን ወደድሁት ማለት አልችልም፤ ግን አሳቀኝ። ሳቄ ያቆመው በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው።

በዚያው በ1834 ፑክለር ወደ አሜሪካ ለመሄድ ተነሣ፤ በመንገዱ ላይ ፓሪስ ውስጥ ጠብ ገጥሞት በሽጉጥ ሲጋጠም መርከቡ አመለጠውና በዚህ ፈንታ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻገረ። ከአልጀርስ ወደ ቱኒስ፥ ከዚያ ወደ ግሪክ፥ ከግሪክም ወደ ግብፅ ሄደ። የግብፅ ገዢ መሐመድ ዓሊ በክብር ተቀበለው፤ ዓባይን ተከትሎ ወደ ሱዳን ዘለቀ። በዚህ ጉዞ ላይ፥ በ1837፥ ከባሪያ ገበያ አንዲት የኦሮሞ ልጅ ገዛ። ዕድሜዋ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት ይሆን ነበር። ስሟ ቢሊሌ፥ አገሯም ጉማ እንደ ነበረ ይነገራል። የገዛት ሰው ግን «ማህቡባ» ብሎ ጠራት፤ በዓረብኛ የተወደደች ማለት ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ተማሪዎቼን ያታለልሁ ይመስለኛል። ያቺን ልጅ በዓባይ ሸለቆ የገዛት ጀርመናዊ መስፍን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያደረሷት ግን ጀርመኖች አልነበሩም። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጊቤ መንግሥታት መካከል ጦርነት በተነሣ ቍጥር ምርኮኛው ለነጋዴ ይሸጣል። ነጋዴው ምርኮኞቹን እየነዳ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ገበያዎች፥ ከዚያም በጐንደር በኩል ወደ መተማ ያወርዳል፤ ከመተማ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ይሄዳሉ። ሻጩም፥ ነጂውም፥ ቀረጥ ተቀባዩም የእኛው አገር ሰዎች ነበሩ። ባርነት በኢትዮጵያ ፈጽሞ በሕግ የተከለከለው በ1942 ነው። ስለዚህ ጣታችንን ወደ ሙስካው ስንቀስር ሌላው ጣት ወዴት እንደሚያመለክት ማየት አይከፋም።

ፑክለር ልጅቱን ይዞ ብዙ አገር ዞረ። ጣልያንኛ ስለ ተማረች የሚነጋገሩት በጣልያንኛ ነበር። በ1840 ወደ አውሮፓ ሲመለሱ በቪየና ለመኳንንቱ አሳያት፤ ጋዜጣና ወሬ ወዳድ የሆነው የከተማው ሰው «የሐበሻ ልዕልት» እያለ አወራላት። የጀርመን ጸሐፊዎችም ለብዙ ዘመን ታሪኩን እንደ ፍቅር ታሪክ አድርገው ሲጽፉት ኖረዋል። እኔ ግን የሒሳብ መምህር ባልሆንም ቍጥሩን መደመር አያቅተኝም። በ1837 እርሱ ዕድሜው ሃምሳ አንድ ዓመት ነበር፤ እርሷ ገና ልጅ፥ ያውም በገንዘብ የተገዛች ልጅ ነበረች። ወደ እርሱ የመጣችው ወድዳ አልነበረም፤ ልሂድ ብትልም የምትሄድበት መንገድ አልነበራትም።

በቪየና ሳሉ ሳንባዋን ታመመች። በመጸው ሙስካው ሲደርሱ በሽታዋ ጠንቶባት ነበር። ሉሲ፥ ምንም እንኳ በሕግ የተፈታች ብትሆን፥ የቤቱ እመቤት እርስዋ ነበረችና የልጅቱን መምጣት አልወደደችም። በዚያን ጊዜ ሉሲ የነበረችው በበርሊን ነው፤ ፑክለርም ወደ እርስዋ ሄደ። ቢሊሌ በኦክቶበር 27 ቀን 1840 ሞተች፤ ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ነበር። የገዛት ሰው በሞተችም ጊዜ፥ በተቀበረችም ጊዜ በአጠገቧ አልነበረም። የሙስካው ሰዎች በከተማይቱ የቤተ ክርስቲያን መቃብር ቀበሯት።

እኔም መናፈሻውን ትቼ ወደ መቃብሩ ሄድሁ። ስፍራው ጸጥ ያለ ነው፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። መንገዱ ጠፍቶብኝ ወዲያና ወዲህ ስል፥ የውሃ ማጠጫ ይዘው በአንድ መቃብር ላይ አበባ ያጠጡ የነበሩ አሮጊት አዩኝና ሳልጠይቃቸው በእጃቸው አመለከቱኝ። መልኬን አይተው ለምን እንደ መጣሁ አውቀዋል። ቀጥለውም «ዘመድዎ ናት?» አሉኝ። ጀርመንኛዬ ደካማ ነው፤ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ግን የቋንቋው ችግር አልነበረም ያስቸገረኝ። የአገሬ ልጅ ናት ልል አሰብሁ። ከዚያም ያው ከጐንደር እስከ መተማ ያለው መንገድ ትዝ አለኝ። በመጨረሻ «ተማሪዎቼ የአገሯ ልጆች ናቸው» አልኋቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቅንቀው፥ ሌሎችም ከሩቅ አገር የሚመጡ እንዳሉ ነገሩኝ። በጀርመን ከሚኖሩት ኦሮሞዎች ወደዚህ መቃብር እየሄዱ የሚያስቡዋት እንዳሉ ቀድሞም ሰምቼ ነበር።

ደብተሬን አውጥቼ ስሟን ቀዳሁ። የተጻፈው «ማህቡባ» የሚለው ነው፤ ነጋዴና ገዢ የሚያውቃት በዚህ ስም ነው። ከበታቹ በራሴ እጅ «ቢሊሌ» ብዬ ጨመርሁበት። ተማሪው የጠየቀኝ የተጻፈውን እንድቀዳ ብቻ ነበር፤ የጨመርሁትን ነገር አስረድቼ እሰጠዋለሁ።

አሁን ወደ ርስቱ እንመለስ፤ ጌቶቹ ገና አላለቁም። ፑክለር ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ዕዳው ስላልለቀቀው በ1845 ሙስካውን ሸጠ። ሠላሳ ዓመት የደከመበትን ነገር ትቶ ከአባቱ ወገን ወደ ቀረለት ብራኒትስ ወደሚባለው ርስት ሄዶ እንደገና ሌላ መናፈሻ ጀመረ። እዚህ ላይ ሰውዬውን ማድነቄን አልደብቅም፤ በስድሳ ዓመት ዕድሜ ከባዶ አሸዋ ላይ እንደገና መጀመር ለማንም ቀላል አይደለም።

ሙስካው በሚቀጥለው ዓመት በሆላንዱ ልዑል በፍሬድሪክ እጅ ገባ። ይህ ልዑል የንጉሥ ልጅና እጅግ ሀብታም ስለ ነበረ፥ ፑክለር በብድር ያልጨረሰውን ሥራ በጥሬ ገንዘብ ጨረሰው። የፑክለር ደቀ መዝሙር የነበረው ፔትሶልት የአትክልቱ ኃላፊ ሆነ፤ የመምህሩን ሐሳብ ሳያበላሽ አስፋፋው፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ዛፎች የሚጠኑበትንም የዛፍ ጥናት ቦታ አቋቋመ። አሁን የምናየው የግንቡ መልክም በ1860ዎቹ ዓመታት በዚሁ ልዑል ዘመን የተሰጠው ነው። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ፑክለር ነው፤ ነገር ግን ዛሬ የቆመው ጥላ ከግማሽ ይበልጥ የፔትሶልት ይመስለኛል። አለቃ የጀመረውን ፋይል ጸሐፊው እንደሚጨርሰው መሆኑ ነው፤ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ አንባብያን ይህ ይገባችኋል።

ልዑሉ በ1881 ሲሞት ርስቱን የወረሰችው ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ለአርኒም መኳንንት ሸጠችው። አርኒሞች የመጡበት ዘመን የፋብሪካ ዘመን ነው። ከደኑ እንጨት፥ ከመሬቱ ውስጥ ቡናማ የድንጋይ ከሰልና ሸክላ አፈር ያወጡ ነበር። ይህን ሁሉ ለማጓጓዝ በ1895 ሐዲዱ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚሰፋ ትንሽ ባቡር ዘረጉ። ባቡሩ ዛሬም አለ፤ በበጋ ወራት ጢሱን እያትጐለጐለ ሕፃናትንና ጐብኝዎችን ከቫይስቫሰር ወደ ሙስካው ያመላልሳል። ስለ አርኒሞች ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አላገኘሁም፤ መናፈሻውን ጠብቀው ማቈየታቸው ግን ሊመሰገኑበት ይገባል።

ከዚያ 1945 መጣ። በኤፕሪል ወር የሩሲያ ሠራዊት ናይሰን ተሻግሮ ወደ በርሊን ሲዘምት ሙስካው የጦር ሜዳ ሆነች። ከተማይቱ ፈረሰች፤ ድልድዮቹ ተሰበሩ፤ ያ ትልቅ ግንብ ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ ቀረ። በመጸው በሩሲያ ሠራዊት ሥር በነበረው የጀርመን ክፍል የመሬት አዋጅ ታወጀ። ከመቶ ሄክታር በላይ ያለው ባለ ርስት ሁሉ ያለ ካሣ መሬቱን እንዲለቅ ተደረገ፤ አርኒሞችም ለቀቁ። የመሬት አዋጅ በአንድ ቀን ስንት ቤት እንደሚለውጥ የእኛ አገር አንባቢ ከአባቶቹ ሰምቶታል፤ ዝርዝሩ አያስፈልገውም።

ነገር ግን ከአዋጁ ይልቅ ርስቱን የቈረጠው ድንበሩ ነው። ድል አድራጊዎቹ መንግሥታት በፖትስዳም ተሰብስበው ከኦደርና ከናይሰ ወንዞች በስተምሥራቅ ያለው አገር በፖላንድ አስተዳደር ሥር እንዲሆን ወሰኑ። ናይሰ ደግሞ የሚያልፈው በመናፈሻው መካከል ነው። ፑክለር የወንዙን ማዶ ያካተተው ከግንቡ መስኮት ሲያዩት ዓይን እንዲያርፍበት ብሎ ነበር፤ አሁን ዓይን እንጂ እግር የማይደርስበት ሆነ። ከ560 ሄክታር ገደማ፥ ይኸውም በእኛ ልክ ከዐሥራ አራት ጋሻ ያህል፥ ሁለት ሦስተኛው በፖላንድ ወገን ቀረ። ከምሥራቅ ተፈናቅለው በማዶ የሰፈሩት የፖላንድ ሰዎች የመስፍኑን ስም ከየት ያውቃሉ? መንገዶቹ ተሰወሩ፤ ሜዳው ደን ሆነ። በዚህኛው ዳር ደግሞ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በ1955 መናፈሻውን በቅርስነት ጠበቀው፤ ግንቡን ለማደስ ግን ገንዘብም ፍላጎትም አልነበረውም። ከሃምሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ በተቃጠለው ግድግዳ ላይ ቍጥቋጦ ሲበቅል ኖረ።

መልሶ የመግጠሙ ሥራ የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የሁለቱ አገር የአትክልትና የቅርስ ሰዎች የፑክለርንና የፔትሶልትን ካርታ ዘርግተው፥ በፖላንድ ወገን በዱር መካከል የተቀበሩትን መንገዶች አንድ በአንድ ፈለጓቸው። የተሸፈነውን ዕይታ ለመክፈት ዛፍ መቍረጥ ነበረባቸው፤ ለመናፈሻ ሲባል ዛፍ መቍረጥ ለሰሚው ግራ ሳይሆን አይቀርም፤ ሥራው ግን እንዲህ ነው። በጀርመን ወገን በ1992 የሳክሶኒያ መንግሥት ርስቱን ተረከበ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የሚያስተዳድረው ድርጅት ተቋቋመ። በ2003 ናይሰን የሚያሻግረው ድልድይ እንደገና ተከፈተ፤ በ2004 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት መናፈሻውን የሁለቱም አገሮች የጋራ ቅርስ አድርጎ በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። የተቃጠለውም ግንብ ተጠግኖ ዛሬ ሙዚየም ይዟል።

ከሰዓት በኋላ እኔም በዚያ ድልድይ ተሻገርሁ። መካከሉ ላይ ስደርስ አገር የለወጥሁ መሆኔን የሚነግረኝ አንዳች ነገር አጣሁ፤ በአንድ በኩል ቀይና ነጭ፥ በሌላው በኩል ጥቁር፥ ቀይና ወርቅማ ቀለም የተቀባ ምሰሶ ቆሞ ከማየቴ በቀር። አንድ ፖላንዳዊ አባት ልጁን ብስክሌት መንዳት ያስተምራል፤ ልጁ ፖላንድ ላይ ጀምሮ ጀርመን ላይ ወደቀና አለቀሰ። ከድልድዩ ወዲያ ወደ ሌክኒትሳ ከተማ ቢሄዱ ትልቅ ገበያ አለ፤ ጀርመኖቹ ሲጋራና አትክልት በርካሽ ሊገዙ የሚሻገሩት ወደዚያ ነው። እኔ ወደ ገበያው አልሄድሁም፤ በፖላንዱ ወገን ያለውን ኰረብታ ወጥቼ ወደ ኋላ ተመለከትሁ። ግንቡ በዛፎቹ መካከል ቀይ ሆኖ ይታያል፤ የከተማይቱም ጣራዎች ከእርሱ በስተኋላ ናቸው። ቢበርሽታይኖች፥ ዶናዎች፥ ካለንበርጎች፥ ፑክለር፥ የሆላንዱ ልዑል፥ አርኒሞች፥ ሁለት መንግሥታት፤ ሁሉም በተራቸው ይህን ስፍራ የእኔ ብለዋል። መቃብሩ ከዚያ ይታይ እንደ ሆነ ለማየት ብዙ ሞከርሁ፤ ዛፎቹ ጋርደውታል።

አውቶቡሱ በሰዓቱ መጣ፤ ጀርመን አይደል! ከቫይስቫሰር ባቡር ይዤ ኮትቡስ ስደርስ ሊመሽ ነበር። ፑክለር የተቀበረበት ብራኒትስ ያለው እዚያው ኮትቡስ አጠገብ ነው። መስፍኑ በ1871 ሲሞት በኑዛዜው መሠረት አስከሬኑ በኬሚካል ሟሙቶ፥ በኩሬ መካከል ራሱ ባሠራው የአፈር ፒራሚድ ሥር ተቀብሯል፤ ሉሲም በኋላ ከአጠገቡ እንድታርፍ ተደርጓል። ፒራሚዱ እጅግ የሚያምር ነው ይላሉ። በማግስቱ ጧት ትምህርት ነበረብኝ፤ ደብተሬን በኮቴ የውስጥ ኪስ አድርጌ በቀጥታ ወደ ማደሪያዬ ሄድሁ።